ጠጄ የሠራችው ፔዳል

ቃልቤሳ ጊታሩን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር፤ እህቱማ ጭራሽ። ቤታቸው ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው። ቃልቤሳ ቀን ቀን ብረታ ብረት ቤት በግራይንደር ብረት ይቆርጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ሠርግ ላይ ይጫወታል። ሰፈሩ የሚያውቀው በጊታሩ ነው። እናታቸውን ዳሲቱንም ሁሉም ሰው "የቃልቤሳ እናት" ይላታል፤ "የጠጄ እናት" ብሎ የጠራት የለም።

ጠጄ ከወንድሟ በጥቂት ዓመት ታንሳለች። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተምራለች፤ አሁን አቃቂ በሰቃ፣ ኢማድ የሚባል ሰው ጥገና ቤት ውስጥ ቴሌቪዥንና የመኪና ቴፕ ትሠራለች። ጊታር የተማረችው በስርቆት ነው። ቃልቤሳ ሥራ ሲሄድ ታነሳዋለች፣ ከመምጣቱ በፊት ማንገቻውን እሱ ባጠፈው አኳኋን አጥፋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጣት አላየችውም። ዜማውን ጨርሳ ቀና ስትል ነው ያየችው።

"ጎበዝ" አላት፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ጊታሩን ከእጇ ወሰደና ጨርቅ አምጥቶ ክሮቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ፤ የወደቀ ዕቃ ከጭቃ አንስቶ እንደሚያጸዳ ሰው።

"ተይለት እንግዲህ፣ ጠጄ" አለች እናታቸው ከጓዳ። "ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የሰው ዕቃ የምትነኪው?"

ከዚያን ቀን ወዲህ ጊታሩን ይቆልፍበት ጀመር።

ዝናቡ ባበቃበት ሰሞን ቃልቤሳ ኦቨርድራይቭ ፔዳል የመግዛት ሐሳብ ያዘው። በእግር ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ አወፍሮና አሻክሮ፣ አንዷን ኖታ እንደ ሰው ድምፅ እንድትጮህ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን ነው። ፈልጎ አጣ። ያገኘውም የሚቀመስ አልነበረም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የባንዱ ከበሮ መቺ ኩምሳና ዘፋኟ ቢፍቱ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ጠጄ ልብስ እያሰጣች፦

"እኔ ልሠራልህ እችላለሁ" አለች።

ኩምሳ ሳቀ። "ምኑን? ፔዳሉን ወይስ የልብስ ስፌት መኪናውን?"

"ፔዳሉን። ውስጡ'ኮ ብዙ ነገር የለውም። የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ አጉልቶ፣ ልኩን ሲያልፍ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ ነው።"

ቃልቤሳ አያት። "በነጻ?"

"በነጻ። ግን አንድ ሠርግ ላይ አንድ ዘፈን ከእናንተ ጋር ልጫወት።"

ኩምሳ እንደገና ሊስቅ ሲል ቃልቤሳ እጁን አነሳ። "እሺ። ኩምሳ ምስክር፣ ቢፍቱ ምስክር። ከሠራ ትጫወቻለሽ።"

ጠጄ በማግስቱ ለኢማድ ነገረችው። ኢማድ አባቱ ከወሎ መጥተው በጭነት መኪና ሥራ አቃቂ የቀሩ፣ እሱ ግን ከመኪናው ይልቅ የመኪናውን ሬድዮ የወደደ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። "አብሽሪ" አላት፤ "ከጓሮ ያለው የሞተ ዕቃ ሁሉ ያንቺ ነው።" እሷም ከተጣለ አምፕሊፋየር ላይ አይሲ የሚባለውን ትንሽ ጥቁር ቺፕ ነቀለች፤ ከተሰበሩ ሬድዮኖች ዳዮድና ካፓሲተር ለቀመች። በእግር የሚረገጥ ማብሪያ ስታጣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ያንን ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚቀረውን የማብሪያ ቁልፍ ፈታች። ሁሉንም በየመልኩ በብየዳ አያይዛ ፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ከተተችው።

የመጀመሪያው ሙከራ ልምምድ በሚያደርጉበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ቃልቤሳ ሰካና ረገጠው። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ግን የጊታር ድምፅ አይደለም። አንድ ሰውዬ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ይናገራል። ሬድዮ ጣቢያ ነው፤ ጥርት ብሎ።

ኩምሳ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣው። ቢፍቱ ማይኩን ይዛ "ውድ አድማጮቻችን" ማለት ጀመረች። ቃልቤሳ የሳሙና ዕቃውን በጫማው ጫፍ ወደ ጠጄ ገፋ አደረገው። "ወስደሽ ለገበሬ ማኅበር ስጪው።" ከዚያ በኋላ ስሟ "ጣቢያዋ" ሆነ። ቤት ምሳ ላይ እንኳ "ጣቢያዋ፣ ጨው አቀብዪኝ" ይላታል፤ እናቷም ትስቃለች።

ለጠጄ ግን ችግሩ ገብቷታል፤ ፕላስቲኩ የአየሩን ሞገድ አይከለክልም፣ ሽቦዎቹም እንደ አንቴና ሆነው ይቀበላሉ። ከሞተ የመኪና ቴፕ ላይ የብረት ገላውን አውጥታ ቆርጣ አጠፈችው። ሁሉንም አዛወረች፣ ብረቱን ከግራውንድ፣ ከምድር መስመሩ ጋር አገናኘች፣ መግቢያው ላይ ትንሽ ካፓሲተር ጨመረች። ኢማድ ከወንድሙ ልጅ የተዋሰውን ጊታር አምጥቶ "እስኪ" አላት። ረገጠችው። አንዲት ኖታ መታች። ድምፁ ወፍሮ፣ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ወጣና ሳይሰበር ቆየ፤ በረንዳ ላይ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ዞር ብለው አዩ። ኢማድ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ቃልቤሳ ወሬውን ሰምቶ ሱቁ ድረስ መጣ። ቆሞ ሞከረው። ፊቱ በራ፤ ለአፍታ ወንድሟ ልጅ ሳሉ እንደነበረው ሆኖ ታያት። ከዚያ ግን አንድ እንግዳ ነገር ጠየቃት።

"ድምፁን ከዚህም በላይ ማስረዘም ትችያለሽ?"

"ምን ያህል?"

"ጣቴ ክሩን በደንብ ባይዘው እንኳ ድምፁ እንዳይሞት።"

"ለምን በደንብ አይዘውም?"

 ግራ እጁን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርጎ ሳጥኑን ያገላብጥ ነበር። ጠጄ ጎንበስ ብላ ትሠራለች። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል። ቀና ስትል የጋለው መበየጃ ጫፍ የወንድሟ ትንሿ ጣት ላይ ተጋድሟል። ቆዳው ይጨሳል። እሱ ግን ሳጥኑን እያየ ስለ ድምፁ ያወራል።

"ቃልቤሳ! እጅህ!"

ያኔ ነው ወደ ታች ያየው። እጁን ሳብ አደረገ፤ ግን አሞት እንደሚስብ ሰው ሳይሆን፣ ተሳስቶ የሰው ዕቃ የነካ ይመስል። ኢማድ ሮጦ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣ። ቃልቤሳ ጣቱን ውሃው ውስጥ አደረገ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ግራይንደሩ ነው መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ያንዘፈዝፈዋል። መጀመሪያ ይደነዝዝና ይመለስ ነበር። አሁን አይመለስም። ሁለቱ ጣቶች የሉም በያቸው።" ከዚያ ዓይኗን አየ። "ለማንም እንዳትናገሪ። ለእማዬ እንዳትነግሪ። ኩምሳ ከሰማ በሁለተኛው ቀን ሌላ ሰው ያመጣል። ብረት ቤትም ከሰሙ ያባርሩኛል።"

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ማይልኝ፣ ጠጄ።"

"እሺ። አልናገርም።"

"በአባታችን አፅም።"

"በአባታችን አፅም።"

እሱ ከሄደ በኋላ ኢማድ ጠረጴዛውን እየወለወለ፦ "እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም" አላት። "አደራ ከባድ ነው። እንዳትጥይው።"

ጠጄ ያን ሳምንት ፔዳሉን ለአንድ ሰው እጅ ብላ እንደገና ሠራችው። አንዷን ሬዚስተር በትልቅ ቀየረች፤ ደካማ ንክኪ እንኳ ተነሥቶ እንዲቆም፣ በግማሽ የተያዘ ክር ሙሉ መስሎ እንዲሰማ አደረገች። ዓይኗን ጨፍና፣ የራሷን ሁለት ጣቶች አስራ ሳይቀር ሞከረችው። ሠራ። ቃልቤሳ ሲወስደው ግንባሯን ሳማት። "ሳሪስ አቦ ሠርግ አለን። ቃል ቃል ነው፤ ያን ቀን ትጫወቻለሽ" አላት።

ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠጄ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ዳሲቱም የሙሽራዋን እናት ስለምታውቅ ተጠርታለች፤ ከፊት ተቀምጣለች። ባንዱ እየተጫወተ ሕዝቡ ሞቀ። ፔዳሉ ሲረገጥ ወጣቶቹ ይጮኻሉ። መሃል ላይ ቃልቤሳ ማይኩን ያዘ።

"አሁን እህቴን ልጋብዛችሁ። ጊታር ተጫዋች ናት። አጨብጭቡላት!"

ተጨበጨበ። ኩምሳ ከቢፍቱ የተዋሱትን ሁለተኛ ጊታር አንገቷ ላይ አጠለቀላት፤ ገመዱ ተሰክቷል። ዘፈኑን ጀመሩ። ጠጄ የምትገባበት ቦታ ደረሰና መታች። ምንም። ድምፁን ከፍ አደረገች። ምንም። የተሰካውን ጃክ ነካካች። ከበሮው ይቀጥላል፣ ጣቶቿ ይሄዳሉ፣ ከእሷ ግን አንድም ድምፅ አይወጣም። ከፊት ያሉ ልጆች መሳቅ ጀመሩ።

ቃልቤሳ በማይኩ፦ "አይዟችሁ፣ እህቴ ቴክኒሺያን ናት! ብልሽቱን አሁን ታገኘዋለች!"

ጠጄ ገመዱን ተከተለች። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ዞሮ ከድምፅ ማጉያው ሥር ይገባል። በሰማያዊ ቀሚሷ ተንበረከከች፤ በእጇ እየዳሰሰች በጉልበቷ ሄደች። የገመዱን ጫፍ አገኘችው። የትም አልተሰካም። በፕላስተር መሬቱ ላይ ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ "ጣቢያ" ተብሎ ተጽፏል።

ቀና ስትል አዳራሹ ሁሉ ይስቃል። ኩምሳ በከበሮ ዱላው ይጠቁማታል። ሙሽራዋ አፏን በዓይነ ርግቧ ሸፍናለች። እናቷን ፈለገች። ዳሲቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እየሳቀች ነው። ቃልቤሳ ፔዳሉን ረገጠና ረጅሙን ሶሎ ጀመረ። እሷ የሠራችው ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

ቤት ሲገቡ፦ "ቀልድ ነው'ኮ" አላት። "ቀልድ አትችይም እንዴ?"

"ለምን?" አለችው።

መጀመሪያ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ፦ "ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ" አለ። "እኔ እጄ እየሞተ ነው፤ አንቺ ደግሞ እንደዚያ ትጫወቻለሽ። ሰው ፊት እንድትጫወቺ የምፈልግ ይመስልሻል?"

ጠጄ ቀሚሷን አውልቃ ጉልበቱ ላይ የያዘውን የዘይት እድፍ ማጠብ ጀመረች። አልለቀቀም።

ብዙ ሳይቆይ በዋናው መንገድ ላይ ያለ አንድ አዲስ ሆቴል ለእሁድ ከሰዓት ባንድ እንደሚፈልግ ተሰማ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፈርዶሳ ናቸው፤ ሰምተው ሊወስኑ ቀጠሮ ሰጡ። ቃልቤሳ ለጠጄ፦ "ነይ አንቺ፤ ድንገት ቢበላሽ ትሠሪዋለሽ" አላት። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። መበየጃዋን በቦርሳ ይዛ ተከተለችው።

የሆቴሉ አዳራሽ ገና የቀለም ሽታ አለው። ወይዘሮ ፈርዶሳ ወንበር ስበው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ባንዱ ሁለት ዘፈን ተጫወተ፤ ሴትዮዋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሦስተኛው፣ ቀስ ባለው ላይ፣ ቃልቤሳ ፔዳሉን ረገጠና ሶሎውን ጀመረ። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ረዘመ፣ አለቀሰ። ወይዘሮ ፈርዶሳ ለጠጄ ጎንበስ ብለው፦ "ምን ዓይነት እጅ ነው ያለው!" አሏት።

ጠጄ ተነሣች። ቀስ ብላ ሄዳ ከወንድሟ ፊት ቆመችና በእግሯ ፔዳሉን ተጫነችው። ጠቅ አለ።

ድምፁ ባንዴ ደረቀ። የቀረው የክሩ የራሱ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የተቆራረጠ። ኖታዎቹ ሳይወለዱ ይሞታሉ። ሁለቱ ጣቶች ክሩን በግማሽ ይነኩትና ይንሸራተታሉ፤ የሚሰማው ጠክ ጠክ የሚል የታፈነ ነገር ነው። ቃልቤሳ ዓይኑን ገለጠ። እግሩን ወደ ፔዳሉ ሲሰድ እግሯ እዚያው ነበር። ኩምሳ ከበሮውን አቆመ።

"ምን ተፈጠረ? መብራት ነው?" አሉ ወይዘሮ ፈርዶሳ።

"ምንም አልተበላሸም፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያለሱ ይጫወትልዎት።"

"ጠጄ፣ አብሪው" አለ ቃልቤሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተጫወት።"

"ጠጄ፣ በአባታችን።"

"አባታችንን አሁን ነው ያስታወስከው?" ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "እጁ ሞቷል። የጋለ መበየጃ ጣቱ ላይ ተኝቶ ሥጋው እየጨሰ ያወራ ነበር። እሳት የማይሰማው ጣት ክር ይሰማዋል? የሰሙት ጥሩ ድምፅ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

 ቃልቤሳ ግራ እጁን ከጀርባው ደበቀ፤ እንደ ሕፃን። ቢፍቱ መሬት መሬት አየች።

"እውነት ነው?" አሉ ወይዘሮ ፈርዶሳ።

ቃልቤሳ ጊታሩን ራሱ አወለቀው። ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ከግራ እጁ አመለጠና ወደቀ፤ ክሮቹ ጮኹ። እንዳለ ትቶት ወጣ።

ሴትዮዋ ተነፈሱ። "አንቺስ፣ ትጫወቻለሽ?"

ጠጄ ጊታሩን ከመሬት አነሳች።  "እችላለሁ" አለች። ሠርጉ ላይ ፕላስተሩን የለጠፈው ኩምሳ ማንም ሳያዘው ዱላውን አነሳና "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ቆጠረላት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ወንድሟን ተከትሎ የወጣ የለም። ሥራውን አገኙ።

ወሬው ማታውን አልጠበቀም፤ ዳሲቱ ከቢፍቱ ሰምታ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"እጁ እንደታመመ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለእኔ ለእናቱ ሳትነግሪ፣ ለባዕድ?"

"ሠርጉ ላይ ስትስቂ አይቼሻለሁ፣ እማዬ።"

ዳሲቱ በጥፊ መታቻት። ጠጄ ጉንጯን አልያዘችም።

ወሬው ብረት ቤቱም ደረሰ። ቃልቤሳ እንደፈራው ግራይንደሩን ነጠቁት። ሐኪም ቤት ሲሄድ ነርቩ ተጎድቷል፣ ቀደም ብለህ ብትመጣ ይሻል ነበር አሉት። ዕቃውን ሸክፎ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሳሪስ ገባ። ዳሲቱ በየሳምንቱ ምግብ ይዛለት ትሄዳለች፤ ጠጄን ግን አታናግራትም። ኢማድ ከሥራ አላባረራትም። ብቻ የሥራ ጠረጴዛዋን ከእሱ አጠገብ አንሥቶ ወደ በሩ ወሰደው። "ለምን?" ብትለው፦ "እዚያ ብርሃን ይሻልሻል" አላት። አደራ የሚለውን ቃል እሷ ፊት ዳግመኛ አልተናገረም።

ጠጄ በየእሁዱ ትጫወታለች። ሰው ያጨበጭባል። አንድ ቀን ባንዱ ለአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች በዓል ተጠራ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ሰልፍ ይዘው ገቡ። ተራዋ ደርሶ ቀና ስትል የጥበቃ ልብስ የለበሰው ቃልቤሳ ነው። ከስቷል። ግራ እጁ ላይ ጓንት አድርጓል። ኩምሳ አይቶት "ሰላም" ሳይል ጎንበስ ብሎ አለፈ።

"እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ" አላት። "ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።"

"ቃልቤሳ፣ እኔ ነኝ።"

"ሁሉም ይፈተሻል፣ እመቤቴ።"

ሌሎቹ ዘበኞች ያያሉ። ቦርሳውን ከፈተች። በቀኝ እጁ ብቻ እየዳበሰ ፔዳሉን አወጣው፤ የመኪና ቴፕ ብረት፣ የቴሌቪዥን ቁልፍ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ታውቀዋለህ።"

"አላውቀውም። የማናውቀውን ዕቃ አናስገባም። ሲወጡ ይወስዳሉ።" ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ከኋላዋ ላለው ሰው እጁን አወዛወዘ። "ቀጣይ።"

"ቃልቤሳ፣ እባክህ አንቺ በለኝ።"

"ሰልፉን እየያዙ ነው፣ እመቤቴ።"

ያን ቀን ያለ ፔዳሉ ተጫወተች። በዓሉ አልቆ ስትወጣ የእሱ ተራ አብቅቶ ሄዷል። ሌላ ዘበኛ ሳጥኑን አቀበላት። ሰብሮታል ብላ ነበር፤ ጥግ ሄዳ ብሎኖቹን ፈታች። አንድም ሽቦ አልተነካም። ሁሉም እሷ እንደበየደችው ነው። ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሰብሮት ቢሆን ይቀላት ነበር። ቢፍቱ ከታክሲው ውስጥ "ጠጄ፣ ነይ እንሂድ!" እያለች ትጣራለች።